በኔቫዳ ሠራተኛው የሚቆጠርበት መዝገብ

በላስ ቬጋስ ለወገኖቼ ታክስ እሞላለሁ። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ጠረጴዛዬ ላይ የሚቆለለው ወረቀት የዚህን ስቴት የሥራ ታሪክ ቀስ በቀስ አስተምሮኛል። ስቴቱ በየወሩ የሚያወጣውን የቅጥር ሪፖርትም አነባለሁ። ሁለቱን ሳስተያይ ግን ከዓመት ዓመት እየተራራቁ ነው።

ኔቫዳ ቁማርን ሕጋዊ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ኤል ራንቾ ቬጋስ፣ ስትሪፕ በሚባለው የሆቴሎች ጎዳና ላይ የመጀመሪያው ትልቅ ሆቴል፣ በ1941 ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ስቴቱ በእንግዳ የሚኖር ሆነ፤ ዛሬም ከአራት ተቀጣሪ አንዱ ገደማ ሪፖርቱ «መዝናኛና መስተንግዶ» በሚለው ዘርፍ ውስጥ ነው። ከአርካንሳስዋ ፎርዳይስና ከሉዊዚያናዋ ታሉላ የመጡ ጥቁር ሠራተኞች በእነዚህ ሆቴሎች አልጋ አነጠፉ፣ ሳህን አጠቡ። ካርታ የሚታደልበት ጠረጴዛ ግን ለእነሱ ዝግ ነበር። በ1960 ጥቁር እንግዳ ስትሪፕ ላይ እንዲስተናገድ ስምምነት ተደረሰ፤ ሥራውን በእኩልነት ለመክፈት ግን እስከ 1971 የፍርድ ቤት ስምምነት መጠበቅ ግድ ሆነ። በሪፖርቱ ጠቅላላ ድምር ውስጥ ግን ክፍል አጽጂዋም ካርታ አዳዩም እያንዳንዳቸው አንድ ናቸው። ስንት ሰው እንደሠራ እናያለን፤ በየትኛው በር እንደገባ አናይም።

የዘርፍ አመዳደቡም ይለዋወጣል። እስከ 2003 ድረስ የምግብ ቤት አስተናጋጅ በወርሃዊው ሪፖርት ትቆጠር የነበረው ከችርቻሮ ንግድ ጋር ነው። የታክሲ ሹፌር ቀኑን ሙሉ የሆቴል እንግዳ ሲያመላልስ ቢውልም ዛሬም ትራንስፖርት ውስጥ ነው።

ቆጠራው እንዲህ ይሠራል። የወሩ 12ኛ ቀን የሚያርፍበትን የደመወዝ ጊዜ ይዘው ቆጣሪዎቹ በናሙና የተመረጡ ድርጅቶችን ለስንት ሰው እንደከፈሉ ይጠይቃሉ። ናሙናው በዓመት አንዴ የሚስተካከለው በዋናነት አሠሪዎች በየሦስት ወሩ ለሥራ አጥ መድን በሚያስገቡት መዝገብ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፦ ሰው የሚቆጠርበት መዝገብና ሥራ ሲያጣ የሚደገፍበት መዝገብ አንድ ነው።

የላስ ቬጋስ ታክሲ ሹፌር የኩባንያ ተቀጣሪ ነው። ስለዚህ የእኛ ታክሲ ነጂዎች ለዓመታት ወደ እኔ ይመጡ የነበረው ደብልዩ-2 የሚባለውን የተቀጣሪ የደመወዝ ወረቀት ይዘው ነው፤ ከሆቴል ከሚመጡት ጋር ወረቀታቸው አንድ ዓይነት ነበር። ኡበር በ2014 ገብቶ በፍርድ ቤት ታገደ፤ በ2015 ሕግ ወጥቶለት በሴፕቴምበር ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በግሉ ለሚሠራ ሰው የሚሰጠው፣ 1099 የሚባለው ወረቀት በዛብኝ። ያው ሰው፣ ያው ኤርፖርት፣ ያው መንገድ፤ ወረቀቱ ብቻ ተቀየረ። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ አለቃ የለብኝም» አለኝ አንድ ወጣት ደስ ብሎት። ደስታው እውነት ነበር፤ በፈለገበት ሰዓት ወጥቶ ልጁን ከትምህርት ቤት ማምጣት ችሏል። ነዳጁን፣ ጥገናውንና ሁለቱንም ወገን የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያ ራሱ እንደሚሸከም ቁጭ ብለን ደመርን። ከመድን መዝገቡ መውጣቱን ግን ያን ቀን ሁለታችንም አላነሳነውም።

ማርች 2020 ገዥው ስቲቭ ሲሶላክ ካዚኖዎች እንዲዘጉ አዘዙ። እስከ ጁን 4 ተዘግተው ቆዩ፤ በኤፕሪል የስቴቱ ሥራ አጥነት 30 በመቶ አካባቢ ደረሰ። የቅጥር ሪፖርቱ የሆቴል ሠራተኛውን ውድቀት ቁልጭ አድርጎ አሳየ። የኡበር ሹፌሩ ግን ከዚያ ድምር አልተቀነሰም፤ ቀድሞም አልተደመረም። መደበኛው የሥራ አጥ ክፍያ ለእሱ አልነበረም። ኮንግረስ በማርች መጨረሻ በግላቸው ለሚሠሩ ልዩ ድጎማ ቢፈቅድም ኔቫዳ ማመልከቻ መቀበል የጀመረችው በሜይ አጋማሽ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ስልክ የሚደውሉልኝ፣ ኪራይ የደረሰባቸው የቤተሰብ ኃላፊዎች፣ ይጠይቁኝ የነበረው አንድ ነገር ነው፦ «እኛ የት ነው የምንመዘገበው?»

ሴንሰስ ቢሮ ከታክስ መዝገብ ተነስቶ ተቀጣሪ የሌላቸውን የግል ሠራተኞች በየካውንቲው ያወጣል። ይዘገያል፤ ቢሆንም አለ። ስቴቱ ያንን ሠንጠረዥ ከወርሃዊው ሪፖርት ጎን እንዲያትም የማኅበረሰብ ድርጅቶቻችን በጽሑፍ ይጠይቁ። የታክሲ ቅጥር ቀነሰ ተብሎ ሲጻፍ ሹፌሮቹ ወዴት እንደሄዱም አብሮ ይጻፍ።