እንግዳ፥ ጥገኛ፥ ተከራይ፤ የአንዲት ክፍል ኪራይ በአዲስ አበባ ታሪክ

በባላገር ልማድ በሰው ቤት የሚያድር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ወገን አንዱ ነበር። አንደኛው እንግዳ ነው። መሽቶበት «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ የቆመ መንገደኛ እህልና መኝታ ሳይከፍል ያገኛል፤ ሲነጋም መርቆ ይሄዳል። ሁለተኛው ጥገኛ ነው። ሎሌው ወይም ድኻ ዘመዱ በባለቤቱ ግቢ ጎጆ ተሰጥቶት ይኖራል፤ የመኖሪያውንም ዋጋ በጕልበቱና በታዛዥነቱ ይከፍላል። ዝምድናም ሎሌነትም ሳያስተሳስረው፥ በየወሩ ገንዘብ እየቈጠረ በሰው ግቢ የሚኖረው ሦስተኛ ሰው፥ ማለት ተከራዩ፥ በሰፊው የታየው ከከተማ ኑሮ ጋራ ነው። የዚህን ሰው ታሪክ ከአዲስ አበባ ይልቅ ጎልቶ የሚያሳይ ስፍራ በኢትዮጵያ አይገኝም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር አሰፋፈሯ የጦር ሰፈርን ሥርዓት የተከተለ ነበር። መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ሰፋፊ ቦታ ተሰጣቸው፤ ጭፍራውና ሠራተኛውም በጌታው ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። የራስ መኰንን፥ የራስ ብሩ፥ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ እየተባሉ የሚጠሩት ሰፈሮች የዚህ አሰፋፈር ቅሪቶች ናቸው። በዚያን ጊዜ ጌታ ያለው ሰው ማደሪያ አያጣም ነበር፤ ጌታ የሌለው ግን በከተማው ውስጥ ስፍራው አይታወቅም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የከተማ ቦታ ደንብ መሬት በግል ይዞታነት እንዲያዝና እንዲሸጥ በር ከፈተ፤ በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስም ጌታ ሳይፈልግ ሥራ የሚፈልግ ሰው በረከተ። ቤት ዋጋ የሚያወጣ ዕቃ ወደ መሆን የተሻገረው በእነዚህ ዓመታት ነው።

ይሁን እንጂ ብዙ ቤት ሠርቶ የሚያከራየው ባለርስትና አንዲት ትርፍ ክፍል ያለችው አከራይ በአንድ መዝገብ ሊጻፉ አይገባም። ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ሲበዙ፥ በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት፥ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ጸሓፊና ተማሪ ማደሪያ ፈለገ። ባልዋ የሞተባት ሴት፥ ጡረታ የወጣ ወታደር፥ ደመወዙ ያልበቃው ጸሓፊ ከዋናው ቤት ጀርባ፥ አጥሩን አስጠግቶ፥ ከእንጨትና ከጭቃ አንዲት ክፍል ያቆማል፤ በቆርቆሮም ይከድናታል። ወይም ልጅ አግብቶ የወጣባትን ክፍል ያጸዳል። ደላላ ወይም የሚያውቁት ሰው ተከራይ ያመጣል። ዋስ ይጠየቃል፤ ቀብድ ይሰጣል።

ይህ አዲስ አከራይ ለተግባሩ የተዘጋጀ ሥርዓት አልነበረውም። የሚያውቀው የእንግዳንና የጥገኛን ወግ ብቻ ስለ ነበር፥ ለተከራዩ ሁለቱን ቀላቅሎ ሰጠው። እንደ እንግዳ ቡና ሲፈላ ይጠራዋል፤ በበዓል ቀን ያለ እርሱ አይቈርስም። እንደ ጥገኛ ደግሞ ያዝዘዋል፤ የግቢው በር የሚዘጋበትን ሰዓት ይወስናል፤ ማን እንደሚጠይቀው ይመለከታል፤ እንግዳ ማሳደርን ይከለክላል። ተከራዩም ባለቤቲቱን «እትዬ» ሲል፥ ባለቤቱን «ጋሼ» ሲል፥ በለቅሷቸው ሲቀመጥ፥ ከወር ኪራይ በላይ የሆነ ዕዳ ተቀብሎአል ማለት ነው። ስለዚህ በአከራይና በተከራይ መካከል የሚነሣው ጠብ ዘወትር ስለ ገንዘቡ አይደለም። ውኃ ማን አባከነ፥ መብራት ማን አበራ፥ መጸዳጃውን ማን ያጽዳ፥ በሩ ከተቈለፈ በኋላ ማን አንኳኳ በሚል ነው። ኪራዩን አሟልቶ የከፈለ ሰው የራሱን በር ያገኘ ይመስለዋል፤ ባለቤቱ ግን ያከራየው ክፍሉን እንጂ ደጁን አይደለም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ልዩ ድንጋጌዎችን ይዞ ወጣ፤ ሁለቱን ወገኖችም በውል የተሳሰሩ እኩያዎች አደረጋቸው። በግቢው ውስጥ ግን አለቃነቱ ጸንቶ ቈየ። ከዚያም ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፥ ከቤት ኪራይም ገቢ እንዳያገኝ ተከለከለ። አነስተኛ ኪራይ ይከፍል የነበረው ሰው ኪራዩ ተቀነሰለት፤ ይህም ለብዙ ድኻ እፎይታ እንደ ነበረ መካድ አይቻልም። ነገር ግን አዋጁ በመቶ የሚቈጠር ቤት ያለውን ባለርስትና በአንዲት ክፍል ኪራይ ልጆቿን የምታሳድገውን ሴት ትርፍ በሚል በአንድ ቃል ጠቀለላቸው። በኪራይ ብቻ ይተዳደሩ ለነበሩት መተዳደሪያ እንዲቈረጥላቸው ማሰቡም ሕግ አውጪው ልዩነቱን ፈጽሞ እንዳልሳተው ያመለክታል።

የአዋጁ ውጤት በግቢው አቀማመጥ ላይ ተጽፎ ቀረ። በብዙ ስፍራ የቀድሞዋ አከራይ በዋናው ቤት፥ የቀድሞው ተከራይ ለቀበሌ እየከፈለ በጓሮው ክፍል፥ በአንድ በር እየገቡ ኖሩ። አለቃነቱ ተሻረ፤ ውኃው፥ መጸዳጃውና በሩ ግን እንደ ጥንቱ የጋራ ነበሩ። የቀበሌ ቤት ያገኘው ሰውም በተራው ዘመዱን ወይም የሚያውቀውን ሰው ደባል አድርጎ ያስገባ ጀመር። ደባል ማለት ከሌላ ሰው ጋራ ተደብሎ የሚኖር ነው። ኪራይ በሕግ ሲዘጋ በደባልነት ስም በጓዳ በኩል ተመለሰ።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የግል ኪራይ እንደገና ተስፋፋ፤ የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ሲበዙም ዕጣ የወጣለት ሰው አከራይነትን ከእናት ከአባቱ ሳይማር አከራይ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፥ በመሠረቱ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህ ተከራይን ከድንገተኛ መባረር የሚጠብቅ ነው። አንዲት ክፍል ብቻ ያላት አከራይ ግን ገና የማታውቀውን ሰው ከደጇ ውስጥ ለሁለት ዓመት ታስገባለች።

ከዚህ ሁሉ የሚታየው፥ ሕግ በየዘመኑ የቤቱን ባለቤትነት፥ የኪራዩን ልክና የውሉን ዘመን ሲወስን መቈየቱ ነው። እንግዳ እንዴት እንደሚስተናገድ ባላገሩ ያውቃል፤ ጥገኛ እንዴት እንደሚታዘዝም ያውቃል። ሳይለምንና ሳያገለግል፥ ከፍሎ በሰው ደጅ የሚገባው ሰው ወግ ግን ከአንድ መቶ ዓመት በኋላም ገና በመበጀት ላይ ነው፤ የሚበጀውም በየግቢው፥ ማታ በሩ ሲንኳኳ ነው።