ስለ ማከምና ስለ ማስታመም፤ የጃፓን አረጋውያን ሐኪም ቤት ታሪክ

በአማርኛችን ማከም ሌላ፣ ማስታመም ሌላ ነው። የሚያክም ሐኪም ነው፤ በሽተኛውን አይቶ መድኃኒት አዝዞ ይሄዳል። የሚያስታምም ግን ከራስጌ የማይለይ፣ የሚያጎርስ፣ የሚያገላብጥ፣ ልብስ የሚለውጥ ነው። ይህ ልዩነት የቃል ብቻ ቢመስልም፣ በአንድ ታላቅ አገር የመንግሥትን ገንዘብ ያስጨነቀ፣ የብዙ አረጋውያንንም የመጨረሻ ዘመን የወሰነ ነገር ሆኖ ተገኝቷል። አገሩ ጃፓን ነው፤ ዘመኑንም የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1961 ጃፓን ሕዝቧን ሁሉ በጤና መድን ውስጥ አገባች። የጤና መድን ማለት ነገሩ እንደ ዕድር ነው፤ ሁሉም በደኅና ቀኑ ያዋጣል፣ የታመመው ይታከምበታል፤ ልዩነቱ መዋጮው በሕግ የታዘዘ፣ መንግሥትም የሚጨምርበት መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ በሽተኛው ከሕክምናው ዋጋ የራሱን ድርሻ ይከፍል ነበርና፣ ገቢ የሌላቸው አረጋውያን ሐኪም ዘንድ መሄድን ይተዉ ነበር። ይህን ችግር ቀድማ የተመለከተች በኢዋቴ አውራጃ በተራራና በበረዶ መካከል የምትገኝ ሳዋኡቺ የተባለች ድኻ መንደር ናት። የመንደሩ ሹም ፉካዛዋ ማሳኦ በ1960 መጨረሻ 65 ዓመት ለሞላቸው፣ በሚከተለውም ዓመት 60 ለሞላቸውና ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት ሕክምናው ያለ ዋጋ እንዲሆን አደረጉ። በ1962 በዚያች መንደር ዓመት ሳይሞላው የሞተ ሕፃን አልተገኘም። በ1969 የቶኪዮ አገረ ገዥ ሚኖቤ ሪዮኪቺ በከተማቸው ለአረጋውያን እንዲሁ አደረጉ፤ በ1973 ጥር ወር ደግሞ መንግሥት፣ ገቢያቸው ብዙ ከሆነው ከጥቂቶቹ በቀር፣ 70 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ያለ ዋጋ እንዲታከም አዘዘ።

ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ሕጉ የሐኪሙን ዋጋ ከፈለ እንጂ የአስታማሚውን አልከፈለም። በ1963 በወጣው ሕግ የተሠሩ የመጦሪያ ቤቶች ነበሩ፤ ሆኖም ጥቂቶች ነበሩ፤ ለመግባትም የሹም ምርመራና ፈቃድ ያሻ ነበር፤ ወላጁን በዚያ ያስገባ ሰውም በጎረቤት ዘንድ ያፍር ነበር። በቤት ማስታመም ደግሞ ከሁሉ ይልቅ በሚስትና በምራት ጫንቃ ላይ የወደቀ ሸክም ነበር። የሐኪም ቤቱ በር ግን ክፍት፣ ዋጋው የመንግሥት፣ ስሙም የማያሳፍር ነው፤ «አባታችንን መጦሪያ ቤት አስገባናቸው» ከማለት «አባታችን ታመው ተኝተዋል» ማለት ይቀላልና። ስለዚህ አስታማሚ እንጂ ሐኪም የማያስፈልጋቸው ብዙ አረጋውያን በሐኪም ቤት አልጋ ላይ ወራትና ዓመታት ተኙ። ጃፓኖች ይህን «ማኅበራዊ መተኛት» አሉት፤ ይኸውም ያስተኛው በሽታ ሳይሆን የኑሮ ችግር ነው ማለት ነው።

ሐኪም ቤቶቹ አብዛኞቹ የግል ነበሩ፤ መድኑም የሚከፍላቸው በሰጡት መድኃኒትና ባደረጉት ምርመራ ልክ ነበር። ለማጉረስና ለማገላበጥ ጥቂት፣ ለመርፌና ለደም ምርመራ ብዙ ሲከፈል፣ አረጋዊው የሚያስፈልገውን ሳይሆን የሚከፈልበትን አገኘ። ሕዝቡም በሽተኛው በመድኃኒትና በምርመራ ተዘፈዘፈ እያለ ይነቅፍ ነበር። በእግሩ የገባውም ሰው ከመተኛት ብዛት የተነሣ በእግሩ መውጣት ይሳነው ነበር።

መንግሥት በ1983 የነጻውን ሕክምና አስቀርቶ፣ የተኛ አረጋዊ እስከ ሁለት ወር ድረስ በቀን 300 የን እንዲከፍል አደረገ፤ የአረጋውያንንም ሐኪም ቤት ለይቶ በሐኪም ቍጥር ያነሰ፣ በአስታማሚ ቍጥር የበዛ እንዲሆን ሥርዐት አወጣለት። በ1990 ደግሞ ለፈቀዱት ሐኪም ቤቶች በመርፌ ቍጥር መክፈሉ ቀርቶ ለቀኑ ቍርጥ ዋጋ ተወሰነ። ይህ ሁሉ መድኃኒቱን አሳነሰ እንጂ የተኙትን ወደ ቤታቸው አልመለሰም፤ በቤት የሚያስታምማቸው አልነበረምና።

በመጨረሻ በ1997 ታኅሣሥ ወር ሌላ ሕግ ወጣ፤ ከ2000 ሚያዝያ ጀምሮም ለማስታመም ብቻ የሚሆን ሁለተኛ መድን ቆመ። 40 ዓመት የሞላው ሁሉ ያዋጣል፤ ወጪው ግማሹ ከመዋጮ፣ ግማሹ ከግብር ይሸፈናል፤ ተገልጋዩ በመጀመሪያ የከፈለው ከመቶ 10 ነበር። የሚሰጠውም ለቤተ ሰብ በእጅ የሚቈጠር ገንዘብ ሳይሆን አገልግሎቱ ነው፤ ቤት ድረስ የሚመጣ አስታማሚ፣ የቀን መዋያ፣ የመጦሪያ ቤት።

ሆኖም የቈየ ልማድ በአንድ ሕግ አይነቀልም። የረዥም ጊዜ አልጋዎቹ በሁለቱ መድኖች መካከል ተከፈሉ፤ ተመሳሳይ ሰው በአንዱ ቤት በሕክምናው መድን፣ በሌላው በማስታመሚያው መድን ይተኛ ጀመር። በ2006 በሕክምናው መድን ለተኙት የሚከፈለው እንደ በሽታቸው ክብደት እንዲሆን ታዘዘ፤ ይህም ተገቢ ነው፤ በመሣሪያ የሚተነፍስ ሰው ሐኪም ሊለየው አይገባምና። በዚያው ዓመት በማስታመሚያው መድን ያሉት አልጋዎች እስከ 2012 መጋቢት እንዲዘጉ ተቈረጠ። ቀኑ ቀረበ፤ የተኙት የሚሄዱበት ግን አልበቃም፤ ቀጠሮው ወደ 2018 ተገፋ። በ2018 ሐኪምም አስታማሚም ያለበት አዲስ ዓይነት መኖሪያ ተፈቀደ፤ የቀሩትም አሮጌ አልጋዎች በ2024 መጋቢት አበቁ። በ1973 የተቋጠረው እስኪፈታ ከ50 ዓመት በላይ አለፈ።

ይህን ታሪክ አንብቦ የሳዋኡቺን ሹም የሚነቅፍ ቢኖር ይሳሳታል። ድኻው ያለ ዋጋ መታከሙ በደል አልነበረም፤ ጕዳቱ የመጣው ሁለቱን ነገር ባለመለየት ነው። እንግዲህ የጤና መድን የሚያቆም አገር ሁሉ አስቀድሞ ይጠይቅ፦ ሐኪሙ መድኃኒቱን አዝዞ ከሄደ በኋላ ከራስጌ የሚቀረው ማን ነው? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው? ይህን ሳይወስን የቀረ እንደ ሆነ፣ አስታማሚ ያጣው ሽማግሌ በሽተኛ ተብሎ ሐኪም ቤት ይገባል፤ አገሩም ለማስታመም የነፈገውን ገንዘብ እጥፍ አድርጎ ለማከም ያወጣዋል።