የዒድ ምሳ በቤት፦ በሰልፍ የተገኘ ማዕድ

ዒድ ሲደርስ «ከሶላት በኋላ የት እንብላ?» ማለት በከተሞቻችን እየተለመደ ነው። ሐላል እስከሆነ ድረስ ምግብ ቤት መብላት ነውር የለበትም። ግን ቤት ተሰብስበን የምንበላው የዒድ ምሳ እንዴት እንደተገኘ እንወቅ።

በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዒዶቻችን ከሕዝብ በዓላት አይቆጠሩም ነበር። ዒዱ በሥራ ቀን ከዋለ ሠራተኛው ቢሮው፣ ተማሪው ክፍሉ ይጠበቅ ነበር። ድስቱ ቤት ቢጣድም ማዕዱን ሁሉም አይከበውም።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ በብዛት አደባባይ ወጡ። ክርስቲያን ወገኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በዓሎቻችን በአገር ደረጃ ይከበሩ የሚል ነበር። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ዒድ አል ፊጥር፣ ዒድ አል አድሃ (አረፋ) እና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ።

ውድ ወንድምና እህቶች! ያ ትውልድ ያስገኘልን ከቤተሰብ ጋር የምንቀመጥበትን ቀን ነው። ሆቴል ስንሄድ የሚያስተናግደን ወንድም፣ ወጥ የምትሠራው እህትም ዒድ እንዳላቸው አንርሳ። ቤትም ስንውል እናቶቻችን ብቻቸውን ምድጃ ላይ አይዋሉ፤ ሽንኩርቱን እንክተፍ፣ ሳህኑን እንጠብ፣ የጎረቤትን ድርሻ እናድርስ። ከጓደኛ ጋር መውጣቱ ለማግስቱ ይደርሳል።

አላህ የእነዚያን ሰዎች ልፋት ይቀበላቸው። አሚን።