ትንበያ የሸጠው ተማሪ

እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት የሚገኝ አንድ የጋዝ ኩባንያ በመጪዎቹ ቀናት ብርዱ ምን ያህል እንደሚበረታ አስቀድሞ ማወቅ ፈለገ፤ ብርዱ በጠና ቁጥር የማሞቂያ ጋዝ ፍላጎት ያሻቅባልና። መልሱን በክፍያ ይሰጥ የጀመረው በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሜትሮሎጂ ያጠና የነበረው የድኅረ ምረቃ ተማሪ ጆኤል ማየርስ ነበር።

በዩኒቨርሲቲው የሜትሮሎጂ ትምህርት በ1930ዎቹ ከጀርመን በመጣው በሄልሙት ላንድስበርግ ተተክሏል። ተማሪዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት «ካምፐስ ዌዘር ሰርቪስ» የተሰኘ የትንበያ አገልግሎትም አለው፤ ለሬዲዮ ጣቢያዎችና ለጋዜጦች ትንበያ በማዘጋጀት ይታወቃል። ትንቢትና ትንበያ በአማርኛ ከአንድ ሥር ቢበቅሉም ዕጣቸው ለየቅል ነው። ትንቢት ዘመን ይጠብቃል፤ ትንበያ ግን በማግሥቱ ለፍርድ ይቀርባል። ብራ ይሆናል ያለ ተማሪ ዝናብ ከጣለ፣ ቃሉን ሰምተው ጃንጥላ ትተው ከወጡት ጓደኞቹ ጋር አብሮ እየራሰ ወደ ክፍል ይገባል። ከዚህ የበለጠ ፈተና የሚያወጣ መምህር አይገኝም።

ማየርስ ግን ለትንበያው ዋጋ ተመነለት። ሥራው እየሰፋ ሄዶ በ1971 «አኩዌዘር» የሚለውን ስም ያዘ፤ ኩባንያው በዓለም ከታወቁት የግል የትንበያ ድርጅቶች አንዱ ለመሆን በቃ። ጥያቄውም ከዚህ ይጀምራል። ተማሪው በነጻ የሚሰጠውም ሆነ ነጋዴው የሚሸጠው ትንበያ በአብዛኛው የሚነሣው በሕዝብ ገንዘብ ከቆሙ ጣቢያዎች፣ ከሚለቀቁ ፊኛዎችና ከሳተላይቶች ከሚገኝ መረጃ ነው። ታዲያ ሕዝቡ አንድ ጊዜ በግብር ለከፈለበት ነገር ሁለተኛ ሊከፍል ይገባዋልን?

በሚያዝያ 2005 የፔንሲልቬንያው ሴናተር ሪክ ሳንቶረም፣ የመንግሥቱ የአየር ትንበያ አገልግሎት የግል ድርጅቶች ሊሰጡት የሚችሉትን አገልግሎት እንዳይሰጥ የሚገድብ ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። ለሕይወትና ለንብረት የሚያሰጉ ማስጠንቀቂያዎች ከገደቡ ውጭ ነበሩ። አኩዌዘር ሐሳቡን ደገፈ፤ ረቂቁ ግን ሕግ ሳይሆን ቀረ። ክርክሩ በዚያ አላበቃም። በ2017 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የጆኤልን ወንድም፣ በወቅቱ የአኩዌዘር ሥራ አስኪያጅ የነበሩትን ባሪ ማየርስን፣ የትንበያ አገልግሎቱ የሚገኝበትን የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት እንዲመሩ አጩአቸው። የጥቅም ግጭት አለ የሚል ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2019፣ የሴኔቱን ማጽደቂያ ሳያገኙ በጤና ምክንያት ከእጩነት ወጡ።