ግንቡ ሲፈርስ ማን ይቀበላል? የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ታሪክ ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሚያነሣው ጥያቄ

በሚያገለግሉበት አጥቢያ ከአእምሮ ሕመም ወይም ከሱስ ጋር የሚታገል ሰው ያለባቸውን ቤተ ሰቦች ቢቈጥሩ፣ ቍጥሩ ከገመቱት ሊበልጥ ይችላል። ብዙዎቹ ግን ጉዳያቸውን ለጸሎት እንኳ በግልጽ አያቀርቡም። ዛሬ በአገራችን የአእምሮ ሕክምናን ከሆስፒታል ግቢ አውጥቶ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ቀበሌ የማድረስ ጥረት እየተደረገ ነው። ይህ ጥረት ቤተ ክርስቲያንን በቀጥታ ይመለከታታል። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፦ ሕክምናን ወደ ሕዝቡ መንደር የማውጣት ሥራ ፍሬ ያፈራው፣ ታማሚውን በስሙ ጠርቶ በማዕዱ የሚያስቀምጥ ሰው በመንደሩ በተገኘበት ስፍራ ነው። ያ ሰው ባልተገኘበት፣ መልካም ሕግና መድኃኒት ብቻቸውን ሰውን ወደ ቤቱ አልመለሱትም። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ከቤልጂየሟ የጌል ከተማ እንጀምር። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በቅድስት ዲምፍና ስም ወደ ተሠራው የከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ፈውስ ፈላጊዎች ይጎርፉ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የነበረው ማደሪያ ሲጠብባቸው ነዋሪዎቹ ታማሚዎቹን በየቤታቸው ማሳደር ጀመሩ። እኛ ወንጌላውያን ስለ ቅዱሳን ምልጃ ከጌል ምእመናን ጋር አንስማማም፤ ከእነርሱ የምንማረው ግን ሌላ ነገር ነው። ፈውስ ፈልጎ መጥቶ ያልተፈወሰውን ሰው እምነት ጎድሎሃል ብለው አልሸኙትም። አብሯቸው እንዲበላ፣ አብሯቸው እንዲያርስ፣ ከልጆቻቸውም ጋር እንዲኖር ፈቀዱለት። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ መንግሥት የሐኪም ክትትል ጨመረበት፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ በከተማዋ ቤተ ሰቦች ዘንድ የሚኖሩት ታማሚዎች ከ3,500 በላይ ደርሰው ነበር። ልማዱ ዛሬም በአነስተኛ ቍጥር ቀጥሏል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከእንግሊዝ ነው። በ1790 ሐና ሚልስ የተባለች የኩዌከር ማኅበር አባል በዮርክ ከተማ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ገብታ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞተች። ሊጠይቋት የሄዱት የእምነት ወገኖቿ እንዳይገቡ ተከልክለው ነበር። በዚህ ያዘነው የሻይና የቡና ነጋዴው ዊልያም ቱክ ማኅበሩን አስተባብሮ በ1796 ሪትሪት የተባለ ማረፊያ ቤት ከፈተ። በዚያ ሰንሰለትና ግርፋት ቀርቶ የአትክልት ሥራ፣ የጋራ ማዕድ፣ ጸሎትና ጨዋ ንግግር ተተካ። ቱክ ሐኪም አልነበረም፤ የእግዚአብሔር መልክ በታማሚ ሰው ላይ እንደማይጠፋ ያመነ ምእመን ነበር። ሪትሪት የተሳካለት ቤቱ ትንሽ ስለ ነበረና የሚያገለግሉት ሰዎች ታማሚዎቹን በቅርብ ያውቋቸው ስለ ነበር ጭምር ነው።

ሌሎች ይህን ሐሳብ ሲወስዱት መልኩ ተለወጠ። በአሜሪካ በየግዛቱ የተሠሩት ሆስፒታሎች እየሰፉ ሄደው፣ በ1955 በግዛት የአእምሮ ሆስፒታሎች ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ወደ 558,000 ደረሱ። ማረፊያ እንዲሆን የታሰበው ግቢ የመርሻ ስፍራ ሆነ። በዚያው ዐሥርተ ዓመት ክሎርፕሮማዚንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች መምጣታቸው ብዙዎች ከሆስፒታል ውጭ መኖር እንደሚችሉ ተስፋ ሰጠ። ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ኦክቶበር 31 ቀን 1963 የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና ማእከላትን የሚያቋቁመውን ሕግ ፈረሙ። ዕቅዱ በአገሪቱ ሁሉ 1,500 ያህል ማእከላትን መክፈት ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የሆነውን በጥሞና ይመልከቱ። ሆስፒታሎቹ በፍጥነት ባዶ ሆኑ፤ በ1980 በውስጣቸው የቀሩት ከ150,000 በታች ነበሩ። ከታቀዱት ማእከላት የተከፈቱት ግን ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ለሠራተኛ ደመወዝ የተመደበውም ገንዘብ በጊዜ የተገደበ ነበር። በ1981 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት በቀጥታ የሚያደርገው ድጋፍ ተቀንሶ ለግዛቶች በጅምላ የሚሰጥ ሆነ። ከባድ ሕመም ያለባቸው ብዙዎች ከሆስፒታል ወጥተው ጎዳና ላይና እስር ቤት ተገኙ። አልጋውን ባዶ ማድረግ ቀላል ሆነ፤ ቤትን መክፈት ግን ከበደ። ሕጉ ክፉ አልነበረም፤ ማኅበረሰብ የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ሰፍሮ ሳለ የሚቀበለው ጎረቤት አልተዘጋጀም ነበር።

የአገራችን ታሪክ በተቃራኒው መንገድ ሄዷል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና የተጀመረው በ1987 ሲሆን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው ደግሞ በ2003 ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ ከቤተ ሰቡ አልተለየም፤ የተለየው ከሕክምናው ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች በቡታጅራና አካባቢዋ ቤት ለቤት ዞረው ከ68,000 በላይ ሰዎችን ጠየቁ። ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው መካከል ለሕመሙ የሚሰጠውን መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። አሜሪካ ሕክምናውን ሰጥታ ሰውየውን ያለ ቤት ተወችው፤ እኛ ደግሞ ቤት ውስጥ ያለ ሕክምና ተውነው።

በዚያው አካባቢ 178 የታማሚ ቤተ ሰቦች ስለ መገለል ተጠይቀው ነበር። ሦስት አራተኛው መገለል እንደሚሰማቸው፣ 37 በመቶው በቤታቸው ታማሚ መኖሩን መደበቅ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። መገለሉን ለመቋቋም ምን ይበጃል ሲባሉ 65 በመቶው የመለሱት ጸሎት ብለው ነው። ይህን ቍጥር እንደ እረኛ ያንብቡት። ሰዎቹ የሚጸልዩት ሕመሙ እንዲወገድ ብቻ አይደለም፤ ከጎረቤት ዐይን የሚያስጠልላቸውንም ይፈልጋሉ። ወደ ጸሎት ቤት ሲመጡ እዚያም መገለል ከጠበቃቸው የሚሄዱበት የላቸውም።

የኋለኞቹ ዓመታት ግን የሚያበረታ ነገር አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 የአእምሮ ሕክምና በአጠቃላይ ጤና ሠራተኞች እንዲሰጥ የሚያግዝ መርሐ ግብር ጀመረ፤ ኢትዮጵያም ተቀበለችው። በ2022 በታተመ ጥናት፣ በጉራጌ ገጠር በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሚሰጠው ሕክምና በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጠው እንደማያንስ ታየ። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን 166 ሰዎች ተከታተለ። ከሕክምናው በተጨማሪ ከአካባቢው ተመርጠው የሠለጠኑ፣ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች በየቤቱ እየሄዱ የጎበኟቸው ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ዕለታዊ ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ መምራት ቻሉ። ቀደም ሲል በዚሁ ወረዳ የተደረገ ጥናት ታማሚን በሰንሰለት የሚያስሩ ቤተ ሰቦች ለምን እንደሚያስሩ ጠይቆ ነበር። ብዙዎቹ ያሰሩት በጭካኔ አይደለም፤ ልጁ ጠፍቶ እንዳይቀር ወይም ሰው እንዳይጎዳ ፈርተው፣ ሕክምናም የሚያግዝ ሰውም በማጣት ነው። እንግዲህ ሰንሰለቱን ለማላላት መድኃኒትና ጎረቤት አብረው ያስፈልጋሉ።

የሱስ ታሪክም ወደዚሁ ያመራል። በ1935 በአሜሪካ አክሮን ከተማ ሁለት ጠጪዎች፣ ቢል ዊልሰንና ሐኪሙ ቦብ ስሚዝ፣ ኦክስፎርድ ግሩፕ በተባለ ክርስቲያናዊ እንቅስቃሴ በኩል ተገናኝተው እርስ በርስ መደጋገፍ ጀመሩ። ከዚያ የተወለደው የአልኮል ሱሰኞች መረዳጃ ማኅበር ብዙውን ጊዜ የሚሰበሰበው በአብያተ ክርስቲያናት አዳራሽ ነው። እኛ ዘንድ በጫት ወይም በአረቄ የተያዘ ምእመን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ቅጣት ብቻ ነው። ተግሣጽ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው፤ ነገር ግን ከቅጣቱ በኋላ ማክሰኞ ማታ አብሮት የሚቀመጥ ወንድም ከሌለ፣ ሰውየው የሚማረው ንስሐን ሳይሆን መደበቅን ነው።

በክፍል ውስጥ ይህን ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፦ “አጋንንትስ?” ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የክፉ መንፈስን እውነታ አንክድም። ሆኖም ወንጌላዊው ማቴዎስ በምዕራፍ 4 ቍጥር 24 ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር በአጋንንት የተያዙትን ከሌሎች ሕሙማን ለይቶ ጠርቷቸዋል። ሁሉን መከራ በአንድ ስም መጥራት የወንጌሉ ልማድ አይደለም። ደግሞም በማርቆስ ምዕራፍ 5 በመቃብር ሲኖር የነበረውን ሰው ታሪክ እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ሰውየው ልብስ ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት ተቀምጦ ሳለ የአገሩ ሰዎች ፈሩ፤ ጌታንም ከአገራቸው እንዲሄድ ለመኑት። ሰውየው ከኢየሱስ ጋር ለመሄድ ቢጠይቅም ጌታ ወደ ቤቱና ወደ ወገኖቹ ላከው። ነጻ መውጣቱ ቤት ሳይደርስ አላበቃም። ከባዱ ክፍል የቀረውም ለመንደሩ ነው፦ ትናንት በሰንሰለት ሲያስሩት የነበረውን ሰው ዛሬ መቀበል።

ታሪኩ እንግዲህ በእርስዎ ደጅ ይደርሳል። ሲጸልዩለት ይጸልዩ፤ ነገር ግን የታዘዘለትን መድኃኒት አቁም አይበሉት፤ በጸሎት ቤትም ሰው እንዲታሰር አይፍቀዱ። በአቅራቢያዎ ያለው ጤና ጣቢያ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ መሆኑን ጠይቀው ይወቁ፤ ቤተ ሰቡ ለመሄድ ሲያፍር ዲያቆን ይላኩላቸው። ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ ሰው ሲያገኙ ብቻውን አይተዉት፤ በዚያኑ ሰዓት ወደ ሐኪም ያድርሱት። ከሆስፒታል ሲመለስ ከመዘምራኑ ወንበር፣ ከኅብረቱና ከሥራው ቦታውን ይጠብቁለት። ይህን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም፤ የጌል ገበሬዎችም የሥነ አእምሮ ትምህርት አልነበራቸውም።

የጤና ሥርዓቱ ነርሱንና መድኃኒቱን ወደ ቀበሌው ሊያደርስ ይችላል። ጎረቤት ግን በደብዳቤ አይመደብም። ያንን የመሆን ጥሪ የተሰጠው አስቀድሞ ለእኛ ነው።