ኮለን፣ ዓምድ ወይስ ምሰሶ?

በድሬዳዋ የግንባታ ሥራ ከፌሮና ከሲሚንቶ የሚቆመው ሁሉ «ኮለን» ይባላል፤ ከላቲን የመነጨው ይህ ቃል በ1895 ዓ.ም. ባቡር ለደረሰባት ከተማ ባይከብዳትም፣ በቱርክ ቤይሼሂር ከተማ ከ1296 እስከ 1299 እ.ኤ.አ. የተሠራውን የኤሽሬፎግሉን መስጊድ ጣሪያ የተሸከሙትን ረጃጅም ግንዶች «የእንጨት ኮለኖች» ማለት ግን ጆሮ ይጎረብጣል። «ዓምድ» ከዐረብኛው «ዐሙድ» ጋር ሥር የሚጋራ የግዕዝ ቃል ነው፤ ሆኖም ዛሬ ሲነገር ቀድሞ የሚታሰበው የጋዜጣ ዓምድ ወይም የቆመ ድንጋይ ሲሆን፣ ብዙ ቁጥሩ «አዕማድ» ደግሞ ወደ ትምህርተ ሃይማኖት፣ ወደ አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ያዘነብላል። «ምሰሶ» ግን በጎጆ ቤት መሐል ቆሞ ጣሪያውን የሚደግፍ፣ ጢስ ያጠቆረው ግንድ ነውና፣ ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸውን አምስቱን የአናቶሊያ መስጊዶች «ባለ እንጨት ምሰሶ መስጊዶች» ማለት ይሻላል፤ ተጠርቦ ያጌጠው የምሰሶው አናትም «የምሰሶ ራስ» ቢባል ማንም አይቸገርም። በኤሽሬፎግሉ ያለው ሚንበር፣ ማለትም ኢማሙ ኹጥባ የሚያሰማበት ባለ ደረጃ መድረክ፣ ጥቃቅን እንጨቶች ያለ ምስማር እርስ በርስ ተሰካክተው የተዋቀረ በመሆኑ፣ ሐውልትን ከሚያስታውሰው «ቅርጻ ቅርጽ» ይልቅ «ግጥምጥም» የሚለው ቃል አሠራሩን ይገልጸዋል።