ለትልቁ ሥራ ገንዘቡ ከየት መጣ?

የባንክ ታሪክ ሲነሣ ብዙ ሰው ያዛጋል። አንፈርድበትም፤ ባንክ ሲባል የሚታየን ሰልፍ፣ ማኅተምና ወረቀት ነው። መንገዱ፣ ሐዲዱ፣ ግድቡ ሲነሣ ግን ሁላችንም ተናጋሪዎች ነን። በዚህች ጽሑፍ ሁለቱን አንድ ላይ ልናያቸው ፈለግን፤ ሲለያዩ ነው ነገሩ የሚጠፋን።

መንገድ የሚሠራ ገንዘብ ትዕግሥት ያለው ገንዘብ መሆን አለበት። ቡና ነጋዴው ገዝቶ ሸጦ በጥቂት ወራት ዕዳውን ይመልሳል። ድልድይስ በጥቂት ወራት ምን ይመልሳል? ሃያና ሠላሳ ዓመት ይፈልጋል። ባንክ የሚያበድረው ደግሞ በአብዛኛው የራሱን ሳይሆን ሰው ያስቀመጠውን፣ ባለቤቱ ነገ ጠዋት መጥቶ «አምጡ» ሊል የሚችለውን ገንዘብ ነው። ስለዚህ አንድ መንግሥት ለአገር ግንባታ የሚሆን የሕዝብ ባንክ ላቋቁም ሲል ዋናው ጥያቄ የባንኩ ስም አይደለም። ያንን ሁሉ ዘመን የሚታገሠው ገንዘብ የማን ነው? የአገራችንን ታሪክ እስቲ በዚህ ጥያቄ እናገላብጠው።

አፄ ምኒልክ በየካቲት 1898 ዓ.ም. የመረቁት የአቢሲንያ ባንክ የሕዝብ ባንክ አልነበረም። ውሉ የተፈረመው በእንግሊዞች እጅ ከነበረው ከግብፅ ናሽናል ባንክ ጋር ነው። ካፒታሉ 500,000 ፓውንድ ሲሆን፣ አክሲዮኑ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በኒውዮርክ፣ በቪየና ሁሉ ተሸጠ። ለ50 ዓመት ያለ ተወዳዳሪ እንዲሠራና የገንዘብ ኖት እንዲያወጣ ተፈቀደለት፤ መንግሥት በበኩሉ ከትርፉ 20 በመቶ ሊያገኝ ተስማማ። ሰዉ ግን ከወረቀቱ ይልቅ ጠገራ ብሩን አመነ፤ ማን ይፈርድበታል!

ባንኩ ሥራ ሲጀምር ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 እዚያ እንደ ደረሰ ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፣ ኋላም ከሰረ። በሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተተክቶ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። በአገሩ አንድ ባንክ፣ በአገሩ አንድ ሐዲድ፤ ባንኩ ግን ሐዲዱን ሊያስጨርስ የተቋቋመ አልነበረም፣ ሥራው ንግድ ነው። እንዲህ ሲሆን የአገሪቱ ብቸኛ የባቡር መንገድ ዕድሉ በፓሪስ ገንዘብ ያዦች ፈቃድ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

በ1923 የአቢሲንያ ባንክ ፈርሶ የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ካፒታሉ 750,000 ፓውንድ፣ ከአክሲዮኑ 60 በመቶው የመንግሥት፣ የቀረው የግለሰቦች። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ በዚያን ጊዜ በአፍሪካ ምድር የራሱን ባንክ የያዘ መንግሥት ማግኘት እኮ ቀላል አልነበረም። ገዢው ግን ያው ከቀድሞው ባንክ የመጡት የውጭ ሰው ሚስተር ኮሊየር ነበሩ። ባለቤትነት በአንድ ቀን አዋጅ ይለወጣል፤ የባንክ ሙያ እንዲያ አይደለም። ባንኩ ክንፉን ሳይዘረጋ ጣሊያን በ1928 ገባና ዘጋው።

ከድል በኋላ ያለው ዘመን ለጥያቄያችን የበለጠ ያስተምራል። በመስከረም 1943 የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ሁለት ብድሮች ፈረመ፤ ለአፍሪካ ከሰጣቸው ብድሮች የመጀመሪያዎቹ ናቸው። 5 ሚልዮን የአሜሪካ ዶላር ለመንገድ፣ 2 ሚልዮን ለልማት ባንክ ማቋቋሚያ። በየካቲት ደግሞ 1.5 ሚልዮን ለቴሌፎንና ቴሌግራፍ ተጨመረ። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም የልማት ባንኩም ተቋቋሙ።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ይበል። የመንገዱ ገንዘብ በልማት ባንኩ በኩል አላለፈም። ለየብቻ ተፈርሞ ለየብቻ ሄደ። ለልማት ባንኩ የቀረለት እርሻና ፋብሪካ ማበደር ነው፤ ለዚያም መያዣ ይጠይቃል። በዚያን ጊዜ መያዣ የነበረው ማነው? ባለመሬቱ ነዋ! ጭሰኛው ምን ያስይዝ፣ ጥማድ በሬውን? ስሙ የልማት ባንክ ሆኖ በሩ ለባለርስቱ ተከፈተ፤ የአገሪቱ ትልልቅ ሥራ ደግሞ ከዋሽንግተን ብድር ጠባቂ ሆነ። የቆቃ ግድብ እንኳ በ1952 ያለቀው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። ለደም ዋጋ የተከፈለ ገንዘብ መብራት መሆኑ ባይከፋም፣ ካሳ ተደጋግሞ የሚመጣ ነገር አይደለም።

በታኅሣሥ 1967 የግል ባንኮች ሁሉ ተወረሱ። እነሆ ባንኩ ሁሉ «የሕዝብ» ሆነ፤ በስም ማለታችን ነው። በአገሩ ያለው ተቀማጭ በአንድ እጅ መግባቱ እውነት ነው፣ እጁ ግን ለአስቀማጩ ሒሳብ የማቅረብ ልማድ አልነበረውም። የግል ባንክ እንደገና የተፈቀደው በ1986 ነው።

እንግዲህ ወደ ዓባይ እንምጣ። በመጋቢት 2003 ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል አበዳሪ አልተገኘም፤ ግብፅ በምትቃወመው ግድብ የዓለም ባንክ እጁን አያስገባም። ስለዚህ ገንዘቡ ከውስጥ መምጣት ነበረበት። ቦንድ ተሸጠ፤ የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን ከፋፍሎ ሰጠ፤ ተማሪው፣ ሊስትሮው፣ በውጭ ያለው ወገን ገዛ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ እንኮራበታለንም። ብዙ ያልተወራለት ግን ሌላው ነው፦ ከወጪው ትልቁን ክፍል የተሸከሙት የመንግሥት ባንኮች ናቸው፤ ቦንድና ስጦታው ትንሹን ክፍል።

በዚያው ወር ሌላ መመሪያ ወጣ። እያንዳንዱ የግል ባንክ ከሚያበድረው ላይ 27 በመቶ ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ ይግዛ ተባለ። የአምስት ዓመት ሰነድ ነው፣ ወለዱ 3 በመቶ። ባንኩ ግን ያን ጊዜ ለአስቀማጭ በትንሹ 5 በመቶ ይከፍል ነበር። በ5 ገዝቶ በ3 መሸጥ ምን ዓይነት ንግድ ነው? የተሰበሰበው ገንዘብ ለልማት ባንክ ብድር ዋለ። መመሪያው እስከ ኅዳር 2012 ቆየ።

አሁን ወደ ባለ ደብተሩ እንይ። በ2003 ክረምት ዓመታዊው የዋጋ ንረት ወደ 40 በመቶ ደርሶ ነበር። 100 ብር ያስቀመጠች እናት በዓመቱ 105 ብር ይዛ ገበያ ስትወጣ፣ በ100 ይሸጥ የነበረው ዕቃ ወደ 140 ሄዷል። የጎደለው የት ገባ? ሌባ አልወሰደውም። አንዱ ክፍል ኮንክሪት ሆኗል፣ አንዱ ሐዲድ፣ አንዱ ደግሞ ስኳር ሳያመርት የቆመ ፋብሪካ። ቦንድ የገዛው ሰው ማበደሩን ያውቃል፤ ሠርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ አለ። እሷ ግን ለአገር ማበደሯን የነገራት የለም። በእቁብ እንኳ ዕጣው ለማን እንደ ወጣ ሁሉም ይሰማል።

ይህን ስንል ግድቡ ባልተሠራ ማለታችን አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። በካሳ ከተሠራው ቆቃና በዋሽንግተን ብድር ከተጠገነው ጎዳና ይልቅ የኛ የምንለው እሱን ነው፣ ከኛው ኪስ ወጥቷልና። ከኛ ኪስ የወጣ ገንዘብ ግን ሒሳቡን መጠየቅ ያለብንም እኛው ነን።

ሒሳቡም መምጣቱ አልቀረም። የመንግሥት ድርጅቶች፣ ስኳሩም ምድር ባቡሩም፣ ከንግድ ባንክ የተበደሩትን መመለስ ስላቃታቸው በ2013 ዕዳውን የሚረከብ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። እሱም አልቻለውም። በ2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ መንግሥት ለንግድ ባንክ ወደ 900 ቢልዮን ብር የሚሆን ቦንድ እንዲያወጣ ፈቀደ። ያ ቦንድ የሚከፈለው ከግብር ነው፤ ግብሩን የሚከፍለው ደግሞ ያው ባለ ደብተሩ፣ ነገም ደመወዝተኛ የምንሆነው እኛ ነን። ከዚያ ሁሉ ብድር ስንቱ ለየትኛው ሥራ እንደ ወጣ፣ የትኛው ሥራ አልቆ የትኛው እንደ ቀረ፣ ዝርዝሩ ሰው በሚገባው አማርኛ ታትሞ በየቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ምን ይገደዋል? የወለዱ መጠን ይለጠፍ የለም እንዴ?